«ማኅበረ ኢምንት»፦ ስለ አንድ የሒሳብ ቃል ታሪክና ስለ አማርኛ ስያሜው

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቃላት ለመሰብሰብ ወደ መንዝ በተጓዝንበት ጊዜ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመሐል ሜዳ አንድ የሒሳብ መምህር አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። መምህሩ በትርፍ ጊዜያቸው ለከፍተኛ ትምህርት የሚዘጋጁ ልጆችን የሚረዱ ናቸው። «ስፍሩ ዜሮ የሆነ ስብስብ ስላቸው፣ ባዶ ስብስብ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ጥፋቱ የልጆቹ ነው ወይስ የቃሉ?» አሉን። በዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ እኛንም አላረካንም። የሚከተለው ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄው ሲመረመር ከአንድ ቃል አልፎ ይሄዳል። «ከቁጥር የማይገባ» የሚባለው ነገር በምን ሕግ ይለያል? የሒሳብ ሊቃውንት ለዚህ የሚጠቀሙበት ጽንሰ ሐሳብ «ሲግማ አይዲያል» ይባላል። የዚህን ስም ታሪክ ሳንመረምር የአማርኛ ስም ብናወጣለት፣ ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አልተረጐምንም ማለት ነው።

2. ሐሳቡ ምንድን ነው?

በሒሳብ «ስብስብ» የምንለው የነገሮች ጥርቅም ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር «አባል»፣ ከስብስቡ ተከፍሎ የሚወሰደው ደግሞ «ንኡስ ስብስብ» ይባላል። የብዙ ስብስቦች አባላት በአንድነት ሲያዙ የሚገኘው ስብስብ «ኅብረት» ነው።

በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ እንውሰድ። ከመሥመሩ ንኡሳን ስብስቦች መካከል አንዳንዶቹን «ከቁጥር የማይገቡ» ብለን ለመለየት ብንፈልግ፣ ሦስት ሕጎችን መጠበቅ አለብን። አንደኛ፣ ባዶው ስብስብ ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛ፣ ከቁጥር የማይገባ ስብስብ ክፋይም ከቁጥር አይገባም። ሦስተኛ፣ ከቁጥር የማይገቡ ስብስቦች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ ያለ ማቋረጥ ቢደረደሩ፣ የሁሉም ኅብረት ከቁጥር አይገባም። እነዚህን ሕጎች የሚያሟላ የስብስቦች ጥርቅም ነው ሲግማ አይዲያል የሚባለው።

ዋነኛው ምሳሌ ስፍራቸው ዜሮ የሆኑ ስብስቦች ናቸው። መሬት በገመድ መለካት በአገራችን የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ «ቀላድ» የሚለው ቃልም የመለኪያውን ገመድ ስለሚያመለክት፣ ነገሩን በገመድ ማስረዳት ይቀላል። አንድ የነጥቦች ስብስብ ስፍሩ ዜሮ ነው የሚባለው፣ የቱንም ያህል አጭር ገመድ ቢሰጠን፣ ገመዱን እየቆራረጥን ነጥቦቹን ሁሉ ልንሸፍንበት ስንችል ነው፤ የቁርጥራጮቹ ብዛት መጨረሻ ባይኖረውም ይፈቀዳል። ነጥቦቹ በተራ ሊደረደሩ የሚችሉ ከሆኑ፣ አንድ ክንድ ገመድ ይዘን ለመጀመሪያው ነጥብ የክንዱን 1/2፣ ለሁለተኛው 1/4፣ ለሦስተኛው 1/8 እየሰጠን እንቀጥላለን። ድርድሩ ማለቂያ ባይኖረውም የሰጠነው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ክንድ አያልፍም። በአንድ ክንድ ፈንታ የክንድ አንድ ሺሕኛ ብንይዝም አሠራሩ ያው ነው። በነጥቦች ፈንታ ስፍራቸው ዜሮ የሆኑ ስብስቦችን ብንደረድር፣ ለመጀመሪያው ስብስብ ከገመዱ ግማሽ፣ ለሁለተኛው ሩብ እየቈረጥን ሁሉንም እንሸፍናለን። ሦስተኛው ሕግ የሚጸናው በዚህ ምክንያት ነው።

በ0 እና በ1 መካከል ያሉት ክፍልፋዮች ሁሉ 1/2፣ 1/3፣ 2/3፣ 1/4፣ 3/4 እየተባሉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ ስፍራቸው ዜሮ ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውንም ሁለት ነጥቦች ብንወስድ፣ የቱንም ያህል ቢቀራረቡ፣ በመካከላቸው ክፍልፋይ አይጠፋም። ይህ ስብስብ በየስንዝሩ የሞላ እንጂ ባዶ አይደለም። የመሐል ሜዳው ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራል።

3. ስሙ ከየት መጣ?

«ሲግማ አይዲያል» የሚለው ስም የተለያየ ልደት ካላቸው ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው።

«አይዲያል» የተወለደው በጀርመን አገር በቁጥር ጥናት ውስጥ ነው። ኤርንስት ኩመር በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ የቁጥር ሥርዐቶች ወደ መጨረሻ አካፋዮቻቸው ሲበተኑ አበታተናቸው አንድ ወጥ አለመሆኑን ተመልክቶ፣ ጉድለቱን ለመሙላት በሐሳብ ብቻ ያሉ ቁጥሮችን አስገባ፤ «አይዲያል ቁጥሮች» አላቸው። ሪቻርድ ዴዴኪንድ በ1871 እነዚህን ምናባዊ ቁጥሮች በእውነተኛ ስብስቦች ተካቸው። ሐሳቡ ከምናብ ወጥቶ ተጨባጭ ሲሆን፣ «አይዲያል» የሚለው ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ለምሳሌ ሙሉ ለሙሉ በ2 የሚካፈሉ ቁጥሮች አይዲያል ናቸው፤ ሁለቱ ቢደመሩ ከመካከላቸው አይወጡም፣ አንዱ በየትኛውም ሙሉ ቁጥር ቢባዛም እንዲሁ።

በዚሁ ዘመን ጌዮርግ ካንቶር በ1874 የመሥመር ነጥቦች አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባሉ ተደርድረው ሊያልቁ እንደማይችሉ አስረዳ። ማለቂያ የሌለው ብዛት አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ኤሚል ቦሬል በ1898 የስፍርን ሐሳብ በድርድር ከሚያዙ ኅብረቶች ጋር አያያዘው፤ ሬኔ ቤር በ1899 ከርዝመት ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ዓይነት «ኢምንትነት» አመጣ፤ ሄንሪ ለቤግ በ1902 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ስፍር መሠረተ።

«ሲግማ» የተባለው የግሪክ ፊደል የመጣው ከፌሊክስ ሐውስዶርፍ ነው። ሐውስዶርፍ በ1914 ባሳተመው የስብስብ ትምህርት መጽሐፍ፣ በድርድር ለሚያዝ ኅብረት ሲግማን፣ በድርድር ለሚያዝ ጋራ ደግሞ ዴልታን ምልክት አድርጎ ወሰደ። ሲግማ በጀርመንኛ «ድምር»፣ ዴልታ «መቋረጫ» ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ድምፆች የተወሰዱ ናቸው። ከዚያም ማርሻል ስቶን በ1936 ባወጣው ጥናት ስብስቦች እንደ ቁጥሮች ሊሰሉ እንደሚችሉ በስፋት አሳየ። በዚህ ስሌት የሁለት ስብስቦች ጋራ የማባዛትን ቦታ ይይዛል። ከአንድ አባል ጋር የትኛውም ስብስብ «ቢባዛ» ውጤቱ የአባሉ ክፋይ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሕጋችን ከዴዴኪንድ ሕግ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። «አይዲያል»ን «ሐሳባዊ» ብለን ብንተረጕም፣ በ1871 የተተወውን ትርጉም ከመቃብር ማስነሣት ይሆናል። የቃሉ የዛሬ ፍች የሚገኘው በሕጎቹ ውስጥ ነው።

4. ሕጎቹ በአማርኛ ሲፈተኑ

ሀ) ውርስ። ሁለተኛውን ሕግ የሒሳብ ሊቃውንት የውርስ ጠባይ ይሉታል፤ ክፋዩ የወላጁን ጠባይ ይወርሳልና። «ወረሰ» ከግእዝ የመጣ ግስ ሲሆን «ርስት» የሚለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። መንዝ የርስት አገር ነበር። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የተባሉት ሦስቱ ክፍሎች በትውፊት በአቅኚ አባቶች ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ ሰው መሬት የሚጠይቀው የትውልድ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ነበር። በዚያ ሥርዐት የርስት ቁራሽ ርስት ነው፤ መሬቱ ቢከፈል ስሙን አያጣም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዐቱን ቢሽረውም ቃሉና ስሜቱ በአነጋገር ውስጥ አሉ። ስለዚህ «ውርሳዊ» የሚለው ቃል ለሁለተኛው ሕግ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ልዩነቱ፣ በርስት ድርሻው በየትውልዱ እያነሰ ሲሄድ፣ በሒሳቡ ግን ዜሮ የነበረው ተከፍሎም ያው ዜሮ መሆኑ ነው።

ለ) ዝግ። ሒሳቡ «በኅብረት ሥር ዝግ» የሚል አነጋገር አለው፤ አባላት ቢዋሐዱ ውጤቱ ከጥርቅሙ አይወጣም ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ዝግ» ስንል ቀድሞ የሚታየን መግባት የተከለከለበት በር ነው። ለመንዝ ሰው ደግሞ ቃሉ የተለየ ክብደት አለው። ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በተባለው ሥርዐት ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በአባ ቄራ አማካይነት ምድሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስም በጋራ ይከፍቱት ነበር። እኛም በዚያ ላገኘናቸው አንድ አረጋዊ፣ «አባቴ፣ ጓሳ ዝግ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?» ብለን ጠይቀን ነበር። «ከውጭ ማንም አይገባም፤ ከውስጥ ያለው ግን ይበዛል፣ ይፋፋል፤ የሚዘጋውም ለዚሁ ነው እኮ ልጆቼ» ሲሉ መለሱልን።

ይህ መልስ ከመዝገበ ቃላት ፍች ይልቅ ጠቀመን። በሒሳቡም መዘጋት ከውጭ የሚመጣን ለመከልከል ሳይሆን፣ በውስጥ ያለው ሲዋለድና ሲበዛ ከወሰኑ እንዳያልፍ የሚጸና ሕግ ነው። በመሆኑም «ዝግ» የሚለውን ቃል አልተውነውም፤ ነገር ግን ከሚያመለክተው ሥራ ጋር «በኅብረት ዝግ» ተብሎ እንዲነገር እንመርጣለን።

ሐ) ትንሽ። ከሁሉ የሚያሳስተው ስም ይህ ነው። በድርድር የሚዋሐዱትን «ትንንሽ ስብስቦች» ብንላቸው የቋንቋው ጥበብ ራሱ ይቃወመናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት የሚያስተምረው፣ ትንሽ ከትንሽ ጋር ሲያብር ትልቅ እንደሚሆን ነው። ጠጕር ፈትሎ ባና የሚሠራ የመንዝ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም እንዲሁ። በእነርሱ ስሌት አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ሲሆን፣ ዓመቱ ከ365 ዕለት በላይ 15 ኬክሮስ ይተርፈዋል። 15 ኬክሮስ ትንሽ ናት፤ ዳሩ ግን በአራት ዓመት 60 ኬክሮስ ሞልታ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንድትሆን ታደርጋለች። ቸል ብትባል ኖሮ በዓላት ከወቅታቸው በሸሹ ነበር። ትንሽ ነገር ከቁጥር ይገባል ማለት ነው።

የሲግማ አይዲያል አባላት ግን ቢያብሩም አንበሳ አያስሩም። በዚህ ምክንያት ስማቸው «ትንሽ» ሊሆን አይችልም። «ኢምንት» የሚለው የግእዝ ቃል እዚህ ላይ ይረዳናል። «ምንት» መጠይቅ ነው፤ «ምን» ማለት ነው። «ኢ» አፍራሽ ናት። «ኢምንት» የነገሩን መጠን አይናገርም፤ «ምን ያህል?» ተብሎ ሊጠየቅ የማይገባው መሆኑን እንጂ። ኢምንት ከኢምንት ጋር ቢደመር ኢምንት ነው ቢባል ለጆሮ አይከብድም።

መ) ስፍርና ቁጥር። እጅግ የበዛውን ነገር «ስፍር ቁጥር የለውም» እንላለን። አነጋገሩ ሁለቱን እንደ አንድ ይዟቸዋል፤ በቁና የሚሰፈረውና በጣት የሚቈጠረው ሁለቱም አልተቻሉም ለማለት። የስፍር ትምህርት ያመጣው ታላቅ ነገር እነዚህን ሁለት ቃላት ማለያየቱ ነው ለማለት እንደፍራለን። ክፍልፋዮች ማለቂያ ባይኖራቸውም በተራ ይቈጠራሉ፤ ስፍራቸው ግን ዜሮ ነው። ካንቶር በ1883 ያወጣው ስብስብ ደግሞ አለ። አንድ ክንድ ከሚሆን መሥመር መካከለኛው ሢሶ ይነሣል፤ ከቀሩት ሁለት ቁራጮች የየራሳቸው መካከለኛ ሢሶ ይነሣል፤ እንዲህ እየተባለ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። የሚተርፈው ርዝመት 2/3፣ 4/9፣ 8/27 እያለ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በመጨረሻ የሚቀሩት ነጥቦች ግን የመሥመሩን ነጥቦች ሁሉ ያህላሉ፤ በተራ ሊቈጠሩም አይችሉም። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ነገር ስፍሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሕግ «በተራ ሊደረደሩ የሚችሉ» የሚል ገደብ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሥመሩ የነጥቦች ኅብረት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ስፍሩ ዜሮ ነው። ገደቡ ባይኖር መሥመሩም ስፍሩ ዜሮ ነው ልንል ነበር። ኢምንት የማይከማቸው ቁጥር እስካለው ድረስ ብቻ ነው።

5. በየትኛው ሚዛን?

ቤር በ1899 ያመጣው ሐሳብ ሌላ መስፈሪያ ይጠቀማል። አንድ ስብስብ፣ በመሥመሩ ላይ የትኛውንም ቁራጭ ብንመርጥ በቁራጩ ውስጥ ከስብስቡ ነጥቦች ፈጽሞ ነጻ የሆነ ሌላ ቁራጭ የምናገኝበት ከሆነ፣ አልባሳትን በምንገልጽበት ቃል «ስስ» ልንለው እንችላለን። የእነዚህ ስሶች በድርድር የተያዘ ኅብረትም፣ የኅብረቱም ክፋይ፣ በቤር ሕግ ከቁጥር አይገባም። ይህም ሲግማ አይዲያል ነው።

ሁለቱ ሕጎች ሲነጻጸሩ አስደናቂ ነገር ይታያል። ክፍልፋዮችን በሙሉ በአንድ ክንድ ገመድ እንሸፍን፤ ደግሞ በግማሽ ክንድ፣ ደግሞ በሩብ፣ እንዲህ እያልን እንቀጥል። በሁሉም ሽፋኖች ሥር የሚገኙት ነጥቦች ስፍራቸው ዜሮ ነው፤ የቱንም ያህል አጭር ገመድ ይበቃቸዋልና። ከየሽፋኑ ውጭ የሚቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው ስስ ናቸው፤ ክፍልፋይ የሌለበት ቁራጭ ስለሌለ ሽፋኑ የማይደርስበት ቁራጭ የለም። ስለዚህ መላው መሥመር ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል በለቤግ ሚዛን ኢምንት፣ ሌላው በቤር ሚዛን ኢምንት ይሆናል። ሸርፒንስኪ በ1934፣ ኤርዴሽም በ1943 በሁለቱ መካከል ያለውን መመሳሰል በጥልቀት መርምረዋል፤ ኦክስቶቢ በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ በሙሉ በዚሁ ላይ የተጻፈ ነው።

እንግዲህ «ኢምንት ነው» ማለት ብቻውን ጎደሎ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በየትኛው ሕግ እንደሆነ መነገር አለበት። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ጓሳ በማረሻ ሚዛን ጠፍ መሬት ነው፤ እህል አይሰፈርበትም። በጣሪያ ክዳን፣ በገመድና በዝናብ ጊዜ በሚለበሰው ገሳ ሚዛን ግን የአገሩ ሀብት ነው። አንዱ መስፈሪያ ከቁጥር ያላገባውን ሌላው ዋና ያደርገዋል።

6. የስያሜ ሐሳብ

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል ቀድሞ በሕዝቡ አንደበት ያለውን አማርኛ፣ ቀጥሎ ግእዝንና ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች መፈተሽ፣ በመጨረሻ የውጭውን ቃል መዋስ ነው። በዚሁ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

«ስፍር»፦ ነጥቦችን የምንለካበት። «ልክ» የሚለው ቃል «ትክክል» ማለትም ስለሚሆን አሻሚ ነው፤ «ስፍር» ከዚህ ነጻ ነው።

«ስፍረ ዜሮ»፦ ስፍሩ ዜሮ የሆነ ስብስብ። «ባዶ» የሚለው ቃል አባል ለሌለው ስብስብ ብቻ ይጠበቅ።

«ማኅበረ ኢምንት»፦ የስብስብ አይዲያል። «የስብስቦች ስብስብ» የሚለውን ድግግሞሽ ለማስቀረት «ማኅበር»ን መርጠናል። ስሙ ኢምንትነት በአባልነትና በደንብ የሚሰጥ መሆኑንም ያሳስባል።

«ድምራዊ ማኅበረ ኢምንት»፦ ሲግማ አይዲያል። «ተቈጣሪ ማኅበረ ኢምንት» ማለት ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበሩ ራሱ የሚቈጠር ያስመስላል፤ የሚቈጠሩት የሚዋሐዱት ስብስቦች ናቸው። «ድምራዊ» የሐውስዶርፍን ሲግማ ከመነሻ ቃሉ ጋር ያገናኘዋል።

የሚታጣም ነገር አለ። በቁጥር ጥናት ውስጥ ያለው አይዲያል፣ ለምሳሌ በ2 የሚካፈሉት ቁጥሮች፣ ኢምንት ናቸው ሊባሉ አይገባም። በመሆኑም በዚያ የትምህርት ክፍል «አይዲያል» በውሰት ቢቀር ይሻላል። ሁለቱ የሚገናኙበት የስቶን ሐሳብ ሲጠቀስ ሁለቱም ስሞች ጐን ለጐን ይጻፉ።

ለመሐል ሜዳው መምህር የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ተማሪ በፈተና ዜሮ ሲያገኝ «ባዶ አገኘ» ማለት የተለመደ ነው። ልጆቹ ዜሮን ባዶ ያሉት አማርኛቸውን ስላወቁ ነው፤ ጥፋቱ ሁለቱን ለይቶ የሚጠራ ቃል ያላቀረብንላቸው የእኛ ነው። ከላይ የቀረቡት ቃላት ክፍል ውስጥ ተፈትነው የትኛው እንደጸና፣ የትኛውም እንደከበደ መምህራን ቢያስታውቁን፣ የሚሻሻለውን ለማሻሻል ዝግጁ ነን።